አምሮቱ አለ፣ ጣዕሙ የት ሄደ?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ቅሬታ ይዘው መጥተዋል። እጅ ወዲያው ወደሚገኘው ነገር ይሄዳል፤ ወደ ስልክ፣ ወደ ቲኬት፣ ወደ ስኳር። ከዚያ በኋላ ግን ልብ አይሞላም። ከደብዳቤዎቹ አምስቱን መርጠን መልሰናል።

ጥያቄ፦ «የስድስት ኪሎ ተማሪ ነኝ። አራት ኪሎ አካባቢ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። ማታ 3 ሰዓት ላይ አምስት ደቂቃ ብቻ ብዬ ቲክቶክ እከፍታለሁ፤ ቀና ስል ሌሊቱ 7 ሰዓት ሆኗል። ጠዋት ምን አየሽ ብባል አንዱንም አላስታውስም። ሦስት ጊዜ አጥፍቼው ሦስት ጊዜ መልሼ ጭኜዋለሁ። ምን ይሻለኛል?»

መልስ፦ እህታችን፣ ሦስቴ አጥፍተሽ ሦስቴ መጫንሽ ለመተው ከልብሽ እንደፈለግሽ ያሳያል። ችግሩ ያጠፋሽው መተግበሪያውን ብቻ መሆኑ ላይ ነው። ሰዓቱ ያው ነው፤ አልጋው ያው ነው፤ ድካሙ ያው ነው፤ ስልኩም እጅሽ ላይ ነው። ይህ ሳይለወጥ ቲክቶክን ብታጠፊው ቦታውን ዩቲዩብ ሾርትስ ወይም የቴሌግራም ቻናል ይወስደዋል።

አማርኛችን አምሮትና እርካታ ብሎ የለያቸውን ነገሮች ሳይንሱም ለይቷቸዋል። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ኬንት ቤሪጅ ለዓመታት ባካሄደው ምርምር፣ አንጎል ውስጥ «አምጣ አምጣ» የሚያሰኘው ሥርዓትና የተገኘውን የሚያጣጥመው ሥርዓት የተለያዩ መሆናቸውን አሳይቷል። ዶፓሚን የሚባለው ንጥረ ነገር በዋናነት የሚሠራው ለፊተኛው ነው። የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪው ቮልፍራም ሹልዝ በጦጣዎች ላይ ያደረገው ሙከራም ይህንኑ ያጎላል። ጦጣዎቹ ምልክቱ ሲታይ ጭማቂ እንደሚከተል አንዴ ከለመዱ በኋላ፣ የዶፓሚን ሕዋሶቻቸው የሚነቃቁት ጭማቂው አፋቸው ሲገባ መሆኑ ቀርቶ ምልክቱ ሲታይ ሆነ። ያንቺንም ጣት የሚያንቀሳቅሰው የሚቀጥለው ቪዲዮ ምን እንደሆነ አለማወቅሽ ነው። አሥር ተራ ነገር ያልፍና አንድ የሚያስቅ ይመጣል፤ መቼ እንደሚመጣ ስለማይታወቅ ማቆሚያ የለውም። ጠዋት የማታስታውሺውም ስላላጣጣምሽው ነው፤ አምሮቱ ሌሊቱን ሙሉ ሠርቷል፣ እርካታው ግን ተራ አልደረሰውም።

ከዛሬ ማታ ጀምረሽ ይህን አድርጊ። ቻርጀሩን ከአልጋሽ አጠገብ ነቅለሽ በሩ አጠገብ ሰኪው። አንድ ክፍል ውስጥ ስለምትኖሩ ርቀቱ ትንሽ ሊመስልሽ ይችላል፤ ዋናው ነገር ተኝተሽ እጅሽ አለመድረሱ ነው። ለመውሰድ መነሳት፣ መብራት ማብራት፣ እግርን ብርድ ላይ ማሳረፍ ካለብሽ አብዛኛውን ቀን አትነሺም። «ለደወል ያስፈልገኛል» የሚል ምክንያት እንዳይኖርሽ በባትሪ የሚሠራ ተራ የጠረጴዛ ሰዓት ግዢ። ብዙዎች ይህን ይንቁና ስልኩ በሁለተኛው ቀን በደወል ሰበብ ወደ ትራስ ሥር ይመለሳል።

ቀጥሎ የቲክቶክ አካውንትሽን የይለፍ ቃል ጓደኛሽ ቀይራ ለራሷ ትያዘው፤ አንቺም ከአካውንቱ ሎግ አውት አድርጊ። አንድሮይድ ስልክ ላይ በሴቲንግ ውስጥ ዲጂታል ዌልቢይንግ የሚባለው የመተግበሪያ ሰዓት ገደብ አለ፤ ነገር ግን የምታበጂውም የምታነሺውም ራስሽ ስለሆንሽ ብቻውን አያስቆምም። ያለ አካውንት ከፍተሽ ብታዪም ልክሽን እንደ ድሮው አውቆ ስለማያቀርብልሽ ቶሎ ይሰለችሻል። ስክሪኑንም ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ጥቁርና ነጭ አድርጊው። እዚያው ዲጂታል ዌልቢይንግ ውስጥ ቤድታይም ሞድ ላይ ግሬይስኬል የሚል ታገኛለሽ። ሳምንት ሁለት ሳምንት ከሆነው በኋላ ዓይን ይለምደዋል፤ ስለዚህ ለማስጀመሪያ እንጂ ለዘለቄታ አትተማመኚበት።

የዳታ ጥቅልሽንም አስቢበት። የቀን ጥቅል የሚገዛ ሰው ሊያልቅ ሁለት ሰዓት ሲቀረው «እንዳይቃጠልብኝ» ብሎ ያልፈለገውን ሁሉ ያያል። ጥቅሉ ማታ የሚያልቅ ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ በቀጥታ እንቅልፍሽ ላይ ነው። በ*999# ስትገዢ ወይ ወርኃዊውን ያዢ፣ ወይም የቀኑን ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ግዢና የማለቂያ ሰዓቱን ወደ ጠዋት አዙሪው።

አሁን የቀረው ባዶው ሰዓት ነው፤ ሰው የሚሸነፈውም እዚህ ላይ ነው። ከምሽቱ 3 እስከ 4 ሰዓት ምን ልትሠሪ እንደሆነ ቀን ላይ ወስኚ፤ ማታ የደከመ ሰው አይወስንም። ውሳኔውንም «ብዙ አነባለሁ» ብለሽ ሳይሆን «ጥርሴን እንደታጠብኩ ስልኩን በሩ ጋ ሰክቼ መጽሐፉን አነሳለሁ» ብለሽ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊው። ፒተር ጎልዊትዘር የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ እንዳሳየው፣ «ይህ ሲሆን ያን አደርጋለሁ» የሚል ዕቅድ ከጥቅል ምኞት ይልቅ ይፈጸማል። ሦስት ሆናችሁ መኖራችሁ ደግሞ በረከት ነው፤ ሻይ አፍልታችሁ ሦስታችሁም ስልካችሁን በሩ ጋ ብታሳድሩ ግማሹ ሥራ ተሠራ።

የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ይከብዳሉ። አምሮቱ ሲመጣ የክረምት ዶፍ አድርገሽ ቁጠሪው። ዶፍን ማንም አይታገለውም፤ ጣሪያ ሥር ቆሞ ያሳልፈዋል፤ ሲያዩት የማያባራ ይመስላል፣ ግን ያባራል። አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ጠብቂ። ሳትችዪ ቀርተሽ አንድ ቀን ብታዪ በማግስቱ ቻርጀሩን ወደ በሩ መልሺ እንጂ «ተበላሸ» ብለሽ ሳምንቱን አትልቀቂ።

ጥያቄ፦ «ሜክሲኮ አካባቢ የምሠራ የ27 ዓመት ወጣት ነኝ። ቅዳሜና እሑድ የቤቲንግ ቲኬት ሳልቆርጥ አልውልም። በ20 ብር ጀመርኩ፣ አሁን ደመወዜን እየነካ ነው። የሚያናድደኝ ብዙ ጊዜ የምበላው በአንድ ጨዋታ ነው። ኳስ እወድ ነበር፤ አሁን ግን ያለ ቲኬት ማየት አልችልም።»

መልስ፦ ወንድማችን፣ «በአንድ ጨዋታ ተበላሁ» የሚለውን በሒሳብ እንየው፤ ብዙውን ሰው አስሮ የሚያስቀረው እሱ ነውና።

አሥር ጨዋታ ያለበት ቲኬት ቆረጥክ እንበል፤ የእያንዳንዱ ኦድ (ብርህን የሚያባዛው ቁጥር) 1.50 ነው። ሲባዛ 57.67 ይመጣል፤ በ20 ብርህ 1,153 ብር ማለት ነው። ኦድ 1.50 ሲባል አቋማሪው የሚነግርህ «ዕድሉ 67 በመቶ ገደማ ነው» ብሎ ነው። ትርፉን ስለሚቀንስበት እውነተኛው ዕድል ከዚያ ዝቅ ይላል፤ 63 በመቶ ነው ብለን እንውሰድ። አሥሩም የመሳካታቸው ዕድል 0.63 በራሱ አሥር ጊዜ ሲባዛ ነው፤ 1 በመቶ አይሞላም። 100 ቲኬት በ2,000 ብር ብትቆርጥ በአማካይ አንዱ ይሰምርና 1,153 ብር ይሰጥሃል። ዘጠኙ ሰምረው አንዱ ብቻ የመክሸፉ ዕድል ደግሞ 6 በመቶ ገደማ ነው። በአንድ ጨዋታ መበላት ከማሸነፍ ስድስት ጊዜ ያህል ይበልጣል ማለት ነው። የሚሰማህ «ለጥቂት» ስሜት ለማሸነፍ እንደቀረብክ አይናገርም፤ የቲኬቱ አሠራር ራሱ የሚያመርተው ነው።

የምታደርገው ይህ ነው። ደመወዝ በገባበት ቀን፣ ከቅዳሜ በፊት፣ የቤት ኪራይና የምግብህን ከፍለህ ጨርስ። ከቀረው ላይ ዕቁብ ግባ። ዕቁብ እዚህ ላይ ከባንክ ቁጠባ ይሻላል ብለን በሙሉ ልብ እንመክራለን፤ ባንክ ያለ ገንዘብ እሑድ ከሰዓት በስልክ ይወጣል፣ የዕቁብ ጣይ ግን ሰው ፊት ቃል የገባ ነው። የቤቲንግ መተግበሪያዎቹን ከስልክህ አውጣ፤ ከቴሌብር ጋር ያያዝካቸውንም አቋርጥ። ኦድ የሚለቁ የቴሌግራም ቻናሎችን ሙሉ በሙሉ ውጣ፤ ድምፅ አጥፍቶ መተው አይበቃም። ወደ ቤት ስትሄድ በቤቲንግ ቤቱ ደጅ የምታልፍ ከሆነ ለአንድ ወር ሌላ መንገድ ያዝ።

ትልቁ አደጋ «የተበላሁትን ላስመልስ» የምትልባት ሰዓት ናት። ከተበላህ በኋላ ባሉት ሁለት ሰዓታት ለማንም ብር አትላክ፣ ከማንም አትበደር። ዕዳ ከገባህ፣ እንቅልፍ ካጣህ ወይም ሕይወትህን የመጥላት ሐሳብ ከመጣብህ ለብቻህ አትያዘው፤ ለምታምነው ሰው ዛሬውኑ ንገር፣ ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ወይም የአእምሮ ሕክምና ወዳለበት ጤና ተቋም ሂድ። ይህ ሕክምና ያለው ችግር ነው።

ስለ ኳሱም እንንገርህ፤ ፍቅሩ አልሞተም፣ ተሸፍኖብህ ነው። ቲኬት የቆረጠ ሰው ጨዋታ አያይም፤ ውጤት ነው የሚጠብቀው። በመጀመሪያው ቅዳሜ 90 ደቂቃውን ለማየት አትሞክር። የመጀመሪያውን 15 ደቂቃ ኳሷን ተውና ከተከላካዮቹ ፊት የሚጫወተውን አማካይ ብቻ ተከተል። ኳስ ሳትደርሰው በፊት ስንት ጊዜ ዞሮ ኋላውን እንደሚያይ ቁጠር። በሚቀጥለው 15 ደቂቃ ደግሞ ቡድኑ ኳስ ሲነጠቅ ማን ወደ የት እንደሚሮጥ እይ። ከጓደኛህ ጋር ስለዚያ ተከራከር። የቲኬቱ ጉዳይ ሲነሳ ግን ወሬ ቀይር።

ጥያቄ፦ «ስታዲየም አካባቢ መሥሪያ ቤት እሠራለሁ። በቀን አራት ማኪያቶ ቆሜ እጠጣለሁ፤ የመጨረሻው ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ነው። እያንዳንዱ ሦስት ማንኪያ ስኳር አለው። ጣዕሙን ግን ከረሳሁት ቆየሁ። ቡና ልተው?»

መልስ፦ ቡናውን አይተዉ፤ ችኮላውንና ስኳሩን ይተዉ። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ነው፤ አራት ማኪያቶ በሦስት ማንኪያ 48 ግራም ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ስኳር ከዕለቱ የምግብ ኃይል ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል፤ 5 በመቶው ለአዋቂ 25 ግራም ገደማ ነው። ስኳሩን በአንዴ ቢያቆሙት በሦስተኛው ቀን ይመለሳል። በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ይቀንሱ፤ ምላስ በዚህ ፍጥነት ይከተላል። የ11 ሰዓቷን ማኪያቶ ደግሞ ከቀኑ 8 ሰዓት አያሳልፉ። ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት በአማካይ አምስት ሰዓት ይፈጅበታል፤ በ11 የጠጡት ግማሹ ማታ 4 ሰዓት ላይም ደምዎ ውስጥ ነው።

የቡናን ጣዕም ለመመለስ ግን ከቡና አፍሉ የተሻለ ትምህርት ቤት አናውቅም። በሳምንት አንድ ቀን፣ እሑድ ከሰዓት ቢሆን፣ ራስዎ ቁሉት። ለአራት ሰው አንድ የቡና ሲኒ ሙሉ ጥሬ ቡና ይበቃል። ይልቀሙት፤ የተሰባበረውንና የጠቆረውን ያውጡ፣ አንድ ብልሹ ፍሬ ሲኒውን ያበላሻልና። በሙቅ ውኃ እያሹ ሁለት ጊዜ ያጥቡት። እሳቱ መካከለኛ ይሁን፤ ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ነው። እሳት ሲበዛ ፍሬው ውጪው ያርና ውስጡ ጥሬ ይቀራል፤ ቡናው ሲጠጡት ምሬትና ኮምጣጣነት አንድ ላይ ይመጣል። ሳያቋርጡ ያማስሉ። መጀመሪያ የሣር ሽታ ይሸታል፣ ቀጥሎ የቆሎ፣ ከዚያ መንጣጣት ይጀምራል። መንጣጣቱ ሲበርድና ፍሬው ላይ ወዝ ብቅ ሲል ያውርዱት። ምጣዱን ለተቀመጡት ሁሉ ያዙሩ፤ ጭሱን በእጃቸው ወደ አፍንጫቸው እየሳቡ ያሽትቱ። ይህ ለሥርዓት ብቻ አይደለም፤ ከጣዕም አብዛኛው በአፍንጫ የሚገኝ ነው፣ ቆሞ የሚጠጣ ሰው ያጣውም ይህንኑ ነው።

በሙቀጫ ሲወቀጥ እንደ ዱቄት አይላም፤ የላመ ቡና አይሰክንም። ጀበናው ውስጥ ውኃው ሲፈላ ዱቄቱን ይጨምሩ፤ ገንፍሎ እስከ አንገቱ ሲደርስ ያውርዱና ማቶቱ ላይ አዘንብለው አራት አምስት ደቂቃ ያስቀምጡት። ይህችን ደቂቃ መታገሥ ያልቻለ ሰው አተላ ይጠጣል። አቦሉን የመጀመሪያዋን ፉት ያለ ስኳር ይቅመሱ፤ ከዚያ ከፈለጉ ይጨምሩ። ቶናና በረካው ሲከተሉ በሦስቱ መካከል ያለውን ልዩነት ለጎረቤትዎ ይንገሩ፤ መናገር ጣዕምን ያጎላል። በከሰል የሚያፈሉ ከሆነ መስኮትና በር ክፍት ይሁን። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ጭስ ሽታ በሌለው መርዝ ሰው ይገድላል።

ጥያቄ፦ «የ4 ዓመት ልጄ ዩቲዩብ ካልተከፈተለት አይበላም። ሥራ ስለምቸኩል እከፍትለታለሁ። እንዴት ላስተወው?»

መልስ፦ እናታችን፣ ከሦስቱ ምግቦች አንዱን ብቻ ይምረጡ፤ እራትን ቢሆን እንመርጣለን፣ ቤተሰቡ ስለሚሰበሰብ። ቀን ላይ፣ ሳይርበው፣ «ዛሬ እራት ላይ ስልክ የለም፤ ከእራት በኋላ አንድ ታያለህ» ብለው ይንገሩት። ከዚያ ቃልዎን ይጠብቁ፤ በሁለቱም በኩል። በሮቼስተር ዩኒቨርሲቲ በ2013 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት፣ የገባላቸው ቃል የተፈጸመላቸው ሕፃናት የሚወዱትን ጣፋጭ ለማግኘት በአማካይ 12 ደቂቃ ሲታገሡ፣ ቃል የታጠፈባቸው የታገሡት 3 ደቂቃ ብቻ ነበር። ልጅ ትዕግሥትን የሚማረው «ቆይ» የሚለው ቃል እውነት ሆኖ ሲያገኘው ነው።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ለቅሶው ይብሳል፤ አይደንግጡ። በሦስተኛው ቀን ተሸንፈው ከከፈቱለት ግን የተማረው «ሦስት ቀን ካለቀስኩ ይከፈታል» የሚለውን ነው። እንጀራውን ራሱ ይቁረስ፣ ለእህቱ ወይም ለአባቱ ጉርሻ ይስጥ፤ አጉራሽ የሆነ ልጅ ከማዕዱ አይነሳም። ጤነኛ ልጅ አንድ እራት ቢቀንስ አይጎዳም፤ ኪሎ የሚቀንስ ከሆነ ግን ሐኪም ያሳዩት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለዚህ ዕድሜ ስክሪን ማየት በቀን ከአንድ ሰዓት የማይበልጥ፣ ባነሰ ቁጥር የሚሻል ይላል።

ጥያቄ፦ «ፒያሳ የምኖር የ54 ዓመት ሰው ነኝ። ድሮ መጽሐፍ ይዤ ይነጋብኝ ነበር። ፌስቡክን ከተውኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ፤ ነገር ግን መጽሐፉም አልያዝ አለኝ። ሁለት ገጽ አነባለሁ፣ ምን እንዳነበብኩ አላውቅም። ጭራሽ ሁሉ ነገር አልጫ ሆነብኝ። እስከ መቼ ነው?»

መልስ፦ ጋሼ፣ አልጫነቱ የሚጠበቅ ነው። በርበሬ የለመደ ምላስ አልጫ ወጥ ሲቀርብለት መጀመሪያ ምንም አይቀምስም፤ ቅቤውና እርዱ የሚታወቁት ቆይቶ ነው። ስንት ቀን ለሚለው ቁርጥ ያለ መልስ የለም። ለንደን ውስጥ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎች ላይ አጥንተው በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራ፣ አዲስ ልማድ ያለ ሐሳብ እስኪሠራ መካከለኛው 66 ቀን ነበር፤ ከሰው ሰው ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። አንድ ቀን መዝለል ልማዱን እንደማያፈርስም አይተዋል። ስለዚህ ሦስት ሳምንት ገና መንገድ ላይ ነው።

ስሕተትዎ የጀመሩበት መጽሐፍ ላይ ይመስለናል። ድሮ ያነጋዎት በነበረ ወፍራም ልቦለድ አይጀምሩ፤ ከቀድሞው ራስዎ ጋር ውድድር ይሆንብዎታል። ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጮች የአጭር ልቦለድ መድበል ይግዙ፤ አንዱ ታሪክ ከአሥር ገጽ የማይበልጥ። በቀን አሥር ደቂቃ ብቻ፣ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ በተለይ ጠዋት ከቁርስ በፊት። ደቂቃው ሲያልቅ ደስ እያለዎትም ቢሆን ይዝጉት፤ ነገ የሚስብዎት ያ የቀረው ነው። በሁለተኛው ሳምንት ወደ አሥራ አምስት፣ በአራተኛው ወደ ሃያ አምስት ያሳድጉ። ሐሳብዎ ሲሸሽ ድምፅዎን አውጥተው አንድ አንቀጽ ያንብቡ፤ አፍና ጆሮ ሲሠሩ ዓይን ብቻውን አይሸሽም። እርሳስ ይያዙ፤ ከአንድ ታሪክ አንድ ዓረፍተ ነገር ያስምሩ፣ ከአንድ አይበልጥ፤ የትኛውን ላስምር ማለት ራሱ ማንበብ ነው።

ቤት ውስጥ የሚያቋርጥዎት ሰው ካለ ወመዘክር ወይም አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ይሂዱ፤ ስልኩን ቤት ይተዉት። ከአራት ኪሎ በብሔራዊ ሙዚየም በኩል ወደ ስድስት ኪሎ በእግር መውጣትም ከንባቡ በኋላ ይረዳል። ሃያ ደቂቃ ገደማ የምትሆን መንገድ ናት፤ ያነበቡትን ታሪክ በሐሳብዎ ለራስዎ ይተርኩት፤ የጠፋብዎት ቦታ ካለ ሲመለሱ ያን ገጽ ብቻ ያንብቡ። የተረኩትን ለአንድ ወዳጅዎ በስልክ ሳይሆን በአካል ቢያወሩለት ደግሞ የሚቀጥለውን ታሪክ የሚጠብቅ ሰው አገኙ። አንድን ገጽ ሦስት ጊዜ ተመልሰው ካነበቡና አሁንም ካልገባዎት ግን ያን ቀን በቃ፤ መጽሐፉን ዘግተው ይውጡ፣ ነገ ከዚያው ገጽ ይጀምራሉ።